ጮቄን በእግር ለማቋረጥ፦ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ለሚነሳ ቡድን

ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ የጮቄን ብርድ መገመት ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ጥቂት ከፍ ትላለች። በታኅሣሥ ማታ እንኳ አንድ ሹራብ ይበቃል። የጮቄ አናት ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 0.6 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል የ12 ወይም የ13 ዲግሪ ልዩነት አለ። ፍኖተ ሰላም ላይ ደህና እንቅልፍ ተኝታችሁ ባደራችሁበት ሌሊት ጮቄ ላይ ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ግግር ሊይዝ ይችላል። ነፋስ ሲጨመርበት ብርዱ ከዚያም ይከፋል።

ይህ መመሪያ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ በአገሩ መንገድ መሪ እየተመራችሁ፣ የጮቄን አምባ ከሮብ ገበያ ወደ ድጓ ጽዮን ለማቋረጥ ላሰባችሁ ነው። መምህራን፣ የወጣት ማኅበር አባላት፣ ከውጭ አገር ለዘመድ ጥየቃ መጥተው አገራቸውን በእግር ማየት የፈለጉ ሰዎች ቢጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የተራራው አናት ገደል የበዛበት አይደለም፤ ሰፊ ሜዳ፣ ጓሳና ጅብራ ነው። የሚያሰጋው የመንገዱ ክብደት ሳይሆን ቡድኑ ሲበታተንና ሰዓቱ ሲያልፍ የሚመጣው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል፦ አንድ ላይ ሁኑ፣ በሰዓታችሁ ተመለሱ።

የሰሜን አውሮፓ ሰዎች እንዲህ ያለውን ከፍተኛ ሜዳ በብርድ ወራት የሚያቋርጡት በበረዶ ሸርተቴ ነው። የኖርዌዩ ሃርዳንገርቪዳ በዚህ የታወቀ ነው። ከእኛም ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ ኋላም በ2010 ቫንኩቨር ላይ በሸርተቴ ተወዳድሮ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ጮቄ ላይ ሸርተቴ የሚያስኬድ በረዶ አይቆይም። በክረምት የሚወርደው በረዶ ሜዳውን ነጭ አልብሶ ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል፤ በበጋ የምታገኙት ውርጭ ነው። ከኖርዌዮች የምንወስደው ግን አለ። በተራራ ደንባቸው ውስጥ በጊዜ መመለስ ነውር እንዳልሆነ አስፍረውታል፤ ልጆቻቸውም ይህን እየሰሙ ያድጋሉ። እኛ ዘንድ «ፈርቶ ተመለሰ» መባል ከባድ ስለሆነ፣ ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት።

አስቀድሞ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ውስጥ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ስልክም ሲቋረጥና ሲቀጠል ቆይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጫማ መግዛት አይደለም። በምትነሱበት ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ድጓ ጽዮን የሚመላለስ ሹፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ። የሲናንና የቢቡኝ ወረዳ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችን ጠይቁ። ቀበሌውንም አስፈቅዱ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «ትንሽ ቆዩ» ካላችሁ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ይህን ምዕራፍ ዘሎ የሚሄድ ቡድን ራሱን ብቻ ሳይሆን ያሳደረውን ገበሬም አደጋ ላይ ይጥላል።

የስም ዝርዝራችሁን፣ የምትሄዱበትን መስመርና የምትወርዱበትን ቀን ጽፋችሁ ለቀበሌው ተዉ። አንድ ቅጂ ቤታችሁ ይቅር።

ወሩን መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አትሞክሩት። ጭቃው፣ መብረቁና ጉሙ አንድ ላይ ይመጣሉ። ጥቅምት ምድሩ ገና አረንጓዴ፣ ምንጩ ሙሉ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቡድን እኔ የምመርጠው ይህን ወር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ይጠነክራል፤ ውርጭ ጓሳውን አድርቆ የሚያነጋው በእነዚህ ወራት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከቡድኑ አብዛኛው ጿሚ ከሆነ ወተት፣ ቅቤና ሥጋ የለም ማለት ነው፤ ሰውነት ደግሞ ብርድን የሚቋቋመው በስብ ነው። ጾሙን ጠብቃችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ለውዝ፣ ሱፍ፣ ኑግና ተልባ በደንብ ያዙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚውል ሰው ካለ ግን የማቋረጫውን ቀን ከእናንተ ጋር አይሂድ፤ ወይም የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር። ባዶ ሆድ፣ ከፍታና ነፋስ አንድ ላይ አይሆኑም።

መሪና ደጀን

ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ መሪና ጠባቂ ይዞ ይገባል፤ ሥርዓቱ የቆየ ነው። ጮቄ ላይ ነገሩ እንደዚያ የተደራጀ ባይሆንም ባዶ አይደለም። የጮቄ ተራሮች ኢኮ ቪሌጅ እ.ኤ.አ. በ2022 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የምርጥ መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ እንግዳ መቀበልን የሚያውቁ ሰዎች በአካባቢው አሉ። በወረዳው ባለሙያ በኩል መሪ ጠይቁ።

መሪ ስትመርጡ ቋንቋ የሚያውቀውን ወይም ልብሱ ያማረውን አትፈልጉ። ከብት ጠብቆ ያደገ፣ ጉም ውስጥ ቤቱን ፈልጎ የሚገባ ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። «ጉም ቢይዘን የት እንጠጋለን?» እና «ከአናቱ ወዲያ የመጀመሪያው ቤት የማን ነው?» መልሱ የቦታና የሰው ስም ያለው ከሆነ ሰውየውን አግኝታችኋል። ጠና ያለ ከሆነ «አያ» እያላችሁ ጥሩት፤ በቡድኑ ውስጥ ያለው ሥልጣን ከአጠራራችሁ ይጀምራል።

ዋጋውን ሳትነሱ ጨርሱ። የመሪውን ብቻ ሳይሆን የበቅሎውን፣ የባለበቅሎውን ምግብና ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ቀን ክፍያ ጨምራችሁ ተነጋገሩ። የመመለሻውን ቀን ረስቶ መከራከር የተለመደ ስለሆነ በወረቀት ጻፉት።

ከቡድኑ መካከል ደግሞ አንድ ደጀን ሹሙ። ደጀን ማለት ከሁሉ ኋላ የሚሄድ፣ ማንም ከእርሱ ኋላ የማይቀር፣ እርሱም ማንንም ትቶ የማያልፍ ሰው ነው። ለዚህ ቦታ ጠንካራውንና ታጋሹን መድቡ። ከመሪው ኋላ የምታስቀድሙት ደግሞ ዝግ የሚለውን ሰው ነው። እርሱ ፊት ሲሆን የቡድኑን እርምጃ ራሱ ይለካል፤ ኋላ ከተዋችሁት ግን እናንተ አርፋችሁ ስትጠብቁት ቆይታችሁ እሱ ሲደርስ ትነሳላችሁ፤ ማረፊያ የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይውላል ማለት ነው።

ሰከላ ላይ መለማመድ

ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ቡድኑን በሙሉ ይዛችሁ ወደ ሰከላ ውጡ። ከቡሬ በቲሊሊ በኩል ወደ ግሽ ዓባይ መኪና ይገባል፤ የመንገዱን የመጨረሻ ክፍል በእግር ሂዱት። እ.ኤ.አ. በ1618 ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን መነሻ ለማየት የመጡት እዚህ ነው። ምንጩ ጸበል ነውና የቦታውን ሥርዓት ጠብቁ፤ ካህናቱን ሳትጠይቁ አትቅረቡ። ከፍታው ከጮቄ ብዙ ያንሳል፤ ማን እንደሚቸኩል፣ የማን ጫማ እንደሚበላው፣ ማን ደክሞት ዝም እንደሚል ግን እዚያ ይታያል። ዝም የሚለውን ሰው ልብ በሉት።

ልብስ

ጋቢ እንወዳለን፤ ለማደሪያ ያዙት። ለመንገድ ግን አይሆንም። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ከራሰ ሙቀት መያዙን ያቆማል፣ ከነፋስ ጋር ደግሞ ከሰውነታችሁ ሙቀት ይስባል። ጂንስ ሱሪም ያው ነው። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። የደጋው ሰው በርኖስና ባና የሚለብሰው፣ እረኛውም ደበሎ የሚደርበው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ከሸቀጥ ተራ ልባሽ የሱፍ ሹራብ ብትገዙ ከአዲስ የጥጥ ጃኬት ይሻላችኋል።

አለባበሱ በሦስት ድርብ ይሁን፦ ከውስጥ ላብ የማይይዝ ቀጭን ልብስ፣ መሐል የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ። ሽቅብ ስትወጡ ሹራቡን አውልቁ፤ ስትቆሙ ወዲያው ልበሱ። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ብርዱን ፈርቶ ደራርቦ ይነሳል፣ በላብ ይርሳል፣ አናቱ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ይንቀጠቀጣል። ካልሲ ሦስት ጥንድ ያዙ፤ አንዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለመኝታ ብቻ ይቀመጥ። አናቱ ላይ ከሣሩ ሥር ውሃ የቋጠረ መሬት ስላለ ጫማችሁ መራሱ አይቀርም። የጆሮ መሸፈኛ ያለው ቆብ፣ ጓንት፣ የፀሐይ መነጽርና ሰፊ ኮፍያ አትርሱ። የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ፊታችሁ ሲቃጠል አይታወቃችሁም።

ስንቅ

4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ምስርና ክክ ይዛችሁ ከወጣችሁ ነዳጃችሁ ያልቃል እንጂ ወጡ አይበስልም። እሳት የማይፈልገውን ወይም ጥቂት ብቻ የሚፈልገውን ያዙ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ከጾም ውጭ ከሆነ ጭኮ። ለአንድ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ ያላነሰ ደረቅ ስንቅ መድቡ፣ ለአንድ ተጨማሪ ቀን የሚሆንም ለብቻው ቋጥሩ። እያንዳንዱ ሰው የቀኑን ቆሎ በኪሱ ይያዝ፤ በቅሎው ላይ የተጫነ ምግብ በሚያስፈልግበት ሰዓት አጠገባችሁ አይገኝም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ነው። ብርድ ጥም ያጠፋል፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

አስታ አትቁረጡ። ያ ዛፍ እዚያ ከፍታ ላይ እጅግ ዘግይቶ ነው የሚያድገው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ጠምጫን የመሰሉ ወንዞች ሁሉ የሚነሱት ከዚህ ተራራ ነው፤ ደምበጫ አካባቢ የምታቋርጡት ጠምጫም ከዚሁ ይመጣል። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ፤ ጋዙን ሌሊት በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፣ ከቀዘቀዘ አይነድም።

ከሰል በድንኳን ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታሳድሩ። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ብርዱ የቱንም ያህል ቢጠነክር ይህን ትእዛዝ ለማለፍ ፈቃድ የለም።

አወጣጥ

የቡሬ ሰዎች በማንኩሳ አድርጋችሁ ፍኖተ ሰላም ትገናኛላችሁ፤ ከዚያ በጅጋ፣ በደምበጫና በአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ትገባላችሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው እደሩ። በማግስቱ ሮብ ገበያ በመኪና ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን ተራመዱና እዚያው እደሩ። ሦስተኛው ቀን ከአምባው ሥር እስካለው የመጨረሻ መንደር ድረስ ነው። አራተኛው የማቋረጫው ቀን፣ አምስተኛው ወደ ድጓ ጽዮን መግቢያው ነው።

«በአንድ ቀን ከፍኖተ ሰላም ተነስተን አናቱ ላይ እናድራለን» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ደጋ አገር ነን ይላል። እውነት ነው፣ 1,900 ሜትር ላይ ያደገ ሰው ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ይሻላል። አናቱ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ያንን የፍኖተ ሰላም ልጅም አልለመደውም። ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የምትተኙበት ቦታ ከባለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ ሞክሩ።

መንደር ስትደርሱ በትር ይዛችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ውሾቹ ኃይለኞች ናቸው። መሪው «ቤቶች!» ብሎ ይጣራ። የእግዜር እንግዳ መሆናችሁን ተናገሩ፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ሲሏችሁ ግቡ። ዐሥራ ሁለት ሰው ግን አንድ ቤት ላይ አይወርድም። የገብስ እንጀራና ድንች ሲቀርብላችሁ የዓመት እህላቸው መሆኑን አስቡ፤ የራሳችሁን ስንቅ አውጡ፣ ስኳርና ቡና ለእመቤቲቱ ስጡ። ማሳ አትርገጡ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ገብሱ ያልታጨደበት ቦታ ይኖራል።

የማቋረጫው ቀን

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታችሁ፣ ትኩስ ነገር ጠጥታችሁ፣ ሲነጋጋ መንገድ ጀምሩ። የመመለሻ ሰዓታችሁ ቀን 6 ሰዓት ይሁን። በዚያ ሰዓት ከፍተኛውን ቦታ ካላለፋችሁ፣ አናቱ ፊት ለፊታችሁ ቢታይም፣ ወደ አደራችሁበት ትመለሳላችሁ። ይህን ሰዓት ማታውኑ በሁሉም ፊት ተናገሩት፤ ብርድ የገባው አእምሮ አናቱ ላይ ሲከራከር ትክክል አይወስንም። የመሪው ቃል የመጨረሻ ነው። «እንመለስ» ካለ የገንዘብ ጥያቄ አይነሳበትም፤ የተስማማችሁትን ሙሉ ዋጋ ትከፍሉታላችሁ፣ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሩት። ክፍያው ይቀርብኛል ብሎ የሚሰጋ መሪ በማይሆን ሰዓት ሊገፋበት ይችላል።

በየሰዓቱ ዐሥር ደቂቃ ብቻ እረፉ። ከዚያ በላይ ከተቀመጣችሁ ላባችሁ ይቀዘቅዛል። በእያንዳንዱ ማረፊያ ደጀኑ ሰው ይቁጠር፣ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስም።

ጉም ጮቄ ላይ ከሸለቆው ተነስቶ ፈጥኖ ይደርሳል። ጅብራዎቹ በሩቅ ሰው ይመስላሉ፤ ጉም ውስጥ «ያው ቆሞ ይጠብቀናል» ብሎ ወደ ጅብራ የሚሄድ ሰው መንገድ ይስታል። ጉሙ ሲመጣ ሁሉም ባለበት ይቁም፣ ወደ መሪው ይሰብሰብ፣ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እስከሚያይ ርቀት ብቻ ተጠጋግቶ ይሂድ። ፊሽካ ለሁሉም ስጡ። አንድ ጊዜ ቁሙ፣ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ኑ፣ ሦስት ጊዜ እርዱኝ። ስልክ በደረት ኪስ ይቀመጥ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ካርታውን ከኔትወርክ ውጭ እንዲሠራ ከተማ ሳላችሁ አውርዱት።

ሕመሙን ማወቅ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ምግብ መጥላት ከታየ ያ ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ። እስኪሻለው አርፎ ይቆይ፤ ካልተሻለው ይውረድ። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለው፣ ወይም በቀጥታ መስመር መራመድ አቅቶት እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ቢመሽም፣ ቢያለቅስም፣ ቢያንስ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር አውርዱት። ብቻውን አይውረድ።

ብርድ የገባውን ሰው በእጁ ታውቁታላችሁ። በየማረፊያው አውራ ጣታቸውን ከትንሿ ጣታቸው ጋር እንዲያገናኙ ጠይቋቸው። ያቃተው ሰው ሹራብና ምግብ አሁኑኑ ያስፈልገዋል። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሰውነቱ እየታገለ ነው። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ካቆመ፣ ንግግሩ ከተጎተተ፣ «ተዉኝ ልተኛ» ካለ ግን አደጋ ላይ ነው። ከነፋስ አስጠልሉት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቁ፣ ከመሬቱ በባና ለዩት፣ ሌላ ሰው አብሮት በብርድ ልብስ ይጠቅለል። መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹ።

አረቄ አትስጡ። የደጋ ሰው በብርድ ጊዜ የሚያቀርበው ከልቡ ነው፤ አመስግናችሁ ለመመለሻ አስቀምጡት። አረቄ ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋና ከውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። ሰውየው ሞቀኝ ይላል፣ ሰውነቱ ግን እየቀዘቀዘ ነው።

ሲወርዱ

ቁልቁለት ጉልበት ይፈታል፤ በትር ይኑራችሁ፣ የጫማችሁን ማሰሪያ ከፊት አጥብቁ። ቡድን የሚበታተነው በብዛት እዚህ ነው፤ ድጓ ጽዮን መቅረቧን የሰማ ሁሉ ይሮጣል። ደጀኑ እስኪገባ ማንም መኪና አይሳፈር።

ከመሪው ጋር እዚያው ተፈራረሙ፣ ባለበቅሎው ለመመለሻው ስንቅ መያዙን እዩ። እርጥብ ድንኳን ሳይደርቅ አታስቀምጡ። ከዚያ ስማችሁን ለተዋችሁበት ቀበሌ ደውላችሁ ሁላችሁም መውረዳችሁን አሳውቁ። ይህ ስልክ ከተረሳ፣ ሮብ ገበያ ላይ ያሉ ሰዎች እናንተን ፍለጋ በሌሊት ወደ ውርጩ ይወጣሉ።